ሦስት ደረጃና አንድ ሱሪ

ለአካል ጉዳተኞች የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንጻው ሊፍት የለውም። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ካለ አላዋቂ ነው፤ ቦታው የተመረጠው በጥናት ነውና። ዳይሬክተሩ በምረቃው ዕለት፣ «የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ ከመሬት አንሥተን ወደ ከፍተኛ ደረጃ እናደርሳለን!» ብለው ነበር። አደረሱት። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ እዚያው ላይ ሆኖ ባለጉዳዮቹን ቁልቁል እያየ ይጠብቃቸዋል። ላም አለኝ በሰማይ ይላል ተረቱ፤ የዚህችኛዋ ወተት ግን በሰዓቱ ይታለባል፣ ሠራተኞቹም ይጠጡታል።

ልብስ ሰፊዋ ወደዚህ ሕንጻ የመጣችው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በተሽከርካሪ ወንበሯ፣ አክስቷ ከኋላ እየገፋቻት ነው። አክስትየዋን ሰፈሩ «መዶሻ» ይላታል፤ ምላሷ የነካችውን ምስማር ሳታስገባ አትመለስም። ጉዳዩ ቀላል ነበር። ሱቅ ያከራያት ባለሕንጻ ግቢውን ላሳምር ብሎ የበሯን ፊት ከፍ አደረገና ሦስት የእምነበረድ ደረጃ ሠራበት። እምነበረዱ ያምራል፣ ምን ይዋሻል። ብቻ የስፌት መኪናዋ ውስጥ ቀረች፣ እሷ ውጪ። ይኸው ሰው ቆይቶ ደግሞ፣ «ሱቁ ተዘግቶ ከረመ፣ ለሌላ ላከራየው ነው» አለ። ከሰሰችው፤ ቀጠሮው ለዚያው ቀን ከሰዓት ነው። ሱቋ ከሄደ መተዳደሪያዋ አብሮ ሄደ፤ ስለዚህ ጠበቃ ፍለጋ መጣች።

«ጠበቃው አለ?» አለች ዘበኛውን።

«አለ፤ ላይ ነው።»

«እስቲ ውረድልኝ በልልኝ።»

«ለባለጉዳይ ብሎ መውረድማ ክልክል ነው።»

ጫጫታውን የሰሙት ዳይሬክተር በመስኮት ብቅ አሉ። «እኅቴ! አንቺን ደጅ ላይ ማስተናገድ ክብርሽን መንካት ነው! እንደ ማንኛውም ዜጋ ቢሮ ድረስ መግባት መብትሽ ነው!»

«በምን ልውጣ ታዲያ?»

«በመብትሽ!»

«መብቷ እግር አለው እንዴ?» አለች መዶሻ።

ዳይሬክተሩ ጨካኝ ሰው አይደሉም። ለዚህ ለዚህ ብለው ያቆሙት «የክብር ሸክም» የሚባል ሥነ ሥርዓት አላቸው። ድሮ አንድ ሠራተኛ ሊፍት ይተከል ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን፣ «ሊፍት ፍቅር የለውም» ብለው ሐሳቡን ጣሉት። ወዲያው አራት ሠራተኞች ኮታቸውን አውልቀው ወረዱ፤ ፎቶ አንሺው ተከተለ፤ ዳይሬክተሩም ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ። የለበሱት ያለ ነገር አልነበረም፤ ያን ዕለት ወደ ማምሻው መሥሪያ ቤቱን «የተደራሽነት ምሳሌ» ብለው የሚሸልሙ እንግዶች ይመጣሉ።

አራቱ ወንበሩን ከነልብስ ሰፊዋ አነሡ። ዳይሬክተሩ አንድ ጣታቸውን የወንበሩ እጀታ ላይ ጣል አድርገው፣ «አይዟችሁ፣ በርቱ» እያሉ ያልባቸው ጀመር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ፎቶ አንሺው፣ «ክቡርነትዎ ትንሽ ዝቅ ይበሉ፣ ሸክሙ ይታይ» አላቸው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ዝቅ አሉ። ሱሪያቸው ከኋላ ጠርርር ብሎ ተተረተረ። ልብስ ሰፊዋ የጨርቅን ድምፅ ታውቃለችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ፎቶ አንሺው ያነሣት ልክ ያን ጊዜ ነው፤ ጥርሷ አንድም ሳይቀር ይታያል።

ላይ ሲደርሱ ጠበቃው ውክልና አስፈረማት። «ከዚህ በኋላ ችሎት ፊት አንቺ አትናገሪም። ድምፅሽ እኛ ነን።»

«እኔ እኮ ድምፅ አላነሰኝም፤ ያጣሁት በር ነው።»

«ይኸውልሽ፣ እንዲህ ያለውን ነው እንዳትናገሪ የምልሽ።»

ልትወጣ ስትል የዳይሬክተሩ ቢሮ በር ገርበብ አለና አንድ እጅ ሱሪ ይዞ ብቅ አለ። «እኅቴ፣ ባለሙያ ነሽ አሉ። ባለቤቴ ቤቱን ቆልፋ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፣ እንግዶቹ ደግሞ ሲመሽ ከተፍ ይላሉ። አደራ!» በክፍተቱ አጮልቃ ስታይ ክቡርነታቸው ከወገባቸው በታች «ሁላችንም እኩል ነን» የሚል የአዳራሽ ጨርቅ አገልድመዋል።

ሱሪውን ጭኗ ላይ አጥፋ አስቀመጠችው። «እሺ፤ አሁን አውርዱኛ።»

ሠራተኞቹ ተያዩ። «ማውረድ እቅዳችን ውስጥ የለም» አለ አንዱ። «የኛ አቅጣጫ ወደ ላይ ብቻ ነው።»

ዘበኛው ከገበያ ወዛደር ጠርቶ አወረዷት። «ስትወጣ ክብር፣ ስትወርድ ጆንያ!» እያለች መዶሻ ደረጃውን ሁሉ ረገመችው።

ችሎት ሲደርሱ ባለሕንጻው ብዙም አልተናገረም። ስልኩን አውጥቶ ለዳኛው አሳየ። መሥሪያ ቤቱ የዳይሬክተሩ ሱሪ እንዳይታይ ተሸካሚዎቹን ሁሉ ቆርጦ፣ የእሷን ሳቅና ደረጃውን ብቻ አስቀርቶ ፎቶውን ለዓለም ሁሉ በትኖታል፤ ከሥሩም «አራተኛ ፎቅ ለማንም ክፍት ነው!» ይላል።

ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። «አራት ፎቅ እየሳቀች የወጣች ሴት ሦስት ደረጃ አቃተኝ ብትል ማን ያምናታል?»

ልብስ ሰፊዋ ጠበቃውን ጎሸመችው። «ተሸክመዋት ነው በላ!»

«እንዴት ብዬ?» አለ እያንሾካሾከ። «እንዲያ ካልኩ እኮ መሥሪያ ቤታችን አይደረስበትም ማለቴ ነው። ማታ በተደራሽነት ልንሸለም!»

እሷው ልትናገር አፏን ስትከፍት ዳኛው፣ «ጠበቃ አለሽ፣ ዝም በይ» አሏት። መዝገቡ ተዘጋ፤ ባለሕንጻው በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን እንዲለውጥ ተፈቀደለት። ልብስ ሰፊዋ አፈረች። ከፎቅ ፎቅ እንደ እቃ ተጭና ስትወጣ እንኳ እንዲህ አላፈረችም ነበር። ልታለቅስ አንገቷን ስትደፋ ግን ጭኗ ላይ ያለውን ሱሪ አየችው። አየችውና ቀና አለች።

«እትዬ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ መልሰሽ ግፊኝ።»

ዳይሬክተሩ በመስኮቱ ሲጠብቋት ነበር። «ሱሪዬስ?!»

«እጄ ላይ ነው። እንዳልሰፋው መኪናዬ ሱቅ ውስጥ ናት፤ እኔ ደግሞ ሦስት ደረጃ መውጣት አልችልም።»

«ለሌላ ሰፊ ስጪዋ!»

«ኧረ ነውር ነው! አደራ የሰጡት ለእኔ ነው። ከእንግዲህ ለዚህ ሱሪ ድምፁ እኔ ነኝ።»

መዶሻ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ወንበሩን ተደግፋ ነው ያልወደቀችው።

ከመስኮቱ ዳይሬክተሩ ጠፉ፤ ጩኸታቸው ግን እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር። ደቂቃም ሳይቆይ ያ ክልክል የተባለው መውረድ ተፈቀደና ጠበቃው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ደረሰ። በቀጥታ ወደ ባለሕንጻው ሮጠ።

«ይህን ደረጃ ዛሬውኑ ተዳፋት ታደርገዋለህ! ሱቁንም አትነካም! ሕጉ ግልጽ ነው፣ ይግባኝ ብል ከነሕንጻህ ነው የምትገባልኝ!»

ባለሕንጻው አፉን ከፈተ። «ሕጉ ከነበረ ችሎት ላይ ምነው ዝም አልክ?»

«ያኔ ጉዳዩ የአካል ጉዳተኛ ጉዳይ ነበራ! አሁን የዳይሬክተር ጉዳይ ሆኗል።»

ሕግ እንዲህ ሲነገር ማን ይጠራጠራል? ባለሕንጻው ሱቁ የእሷ ሆኖ እንዲቀጥል ፈረመ። አናጢ መጣ፣ ጣውላ መጣ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያ እምነበረድ ጠንካራ ተዳፋት ተጋደመበት። ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን በገዛ እጇ እየገፋች ወጣች። መኪናዋ ላይ አቧራ ተከምሯል። በመዳፏ ጠረገችላት፤ ትንሽም አለቀሰች፤ ከዚያ ሱሪውን በእጥፍ ክር፣ በማይተረተር አሰፋፍ ሰፋችው። ሙያ ሙያ ነው፣ ቂም አይገባበትም።

እንግዶቹ ሽልማቱን ይዘው ከሕንጻው ሥር ደረሱ። ከመካከላቸው አንዱ በክራንች የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ደረጃውን ሽቅብ አዩና፣ «ዳይሬክተሩ ቢወርዱልን?» አሉ። ዳይሬክተሩ በመስኮቱ ከደረት በላይ ብቻ ብቅ ብለው እጃቸውን አውለበለቡ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ትንሽ የጤና... መውረድ አልቻልኩም!» ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው ወደ ዘበኛው፣ «ሩጥ፣ ሱሪውን አምጣልኝ!» አሉት።

ዘበኛው ሱቁ ድረስ ሮጦ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«አልሰፋችውም?»

«ሰፍታዋለች፣ ተኩሳዋለችም። ግን ሰላምታ ካቀረብክልኝ በኋላ እንዲህ በልልኝ ብላለች፦ እርስዎን የሚያህል ሰው ሱሪ ቢሮ ድረስ ልኮ ማስተናገድ ክብርዎን መንካት ነው። ሱቋ ድረስ መግባት መብትዎ ነው፤ አሁን ደረጃ የለውም።»