ሰላም እያሉ መሮጥ

እናንተ ከተማ ቆሞ የሚሮጥ ሰው አለ? ጅግጅጋ ውስጥ አለ። ስሙ ሐሰን ነው፤ ተመድቤ በመጣሁበት መሥሪያ ቤት ባልደረባዬ።

አምና ለከተማው የጎዳና ሩጫ አብረን ቲሸርት ለበስን። ምኞቴ ሜዳሊያው ሳያልቅ መድረስ ብቻ ነበር። ማለዳው ነፋሻ፣ ደመናውም ዝቅ ያለ ስለነበር መንገዱ ራሱ ተሸክሞ የሚወስደኝ መሰለኝ። እንዲህ እንደ ሕልም እየተንሳፈፍን ሳለ ሐሰን ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ የሚያውቃቸውን ሽማግሌ አይቶ ነው። ቤተሰቡ፣ ዝናቡ፣ ግመሎቹ በየተራ ተጠየቁ። የሩጫ ሕግ ይህን ይፈቅድ ይሆን? እኔ እንጃ።

«ሐሰን፣ ሰው ሁሉ አለፈን እኮ» አልኩት።

«ሩጫው በዓመቱ ይመጣል። ሰላም ሳልላቸው ባልፍ ግን ተጣላን ብለው ሽማግሌ ይልኩብኛል። ና፣ አንተንም ላስተዋውቅህ።»

ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ቶጎጫሌ የሚሄዱት ሚኒባሶች መነሻ ድረስ አሥር ጊዜ ቆምን፤ አሥር ጊዜም ስሜ ተነገረ። መጨረሻው መስመር ስንደርስ ሜዳሊያው አልቆ ባነሩን እየጠቀለሉት ነበር። ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ዘንድሮ ብልጥ ሆንኩና ብቻዬን ወጣሁ። ከፊተኞቹ ጋር እየበረርኩ ሳለ ከመንገዱ ዳር «ታደሰ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአምናው ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ከተማ ሦስት ዓመት ስኖር መንገድ ላይ በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

ሜዳሊያው ከፊቴ፣ ሽማግሌው ከጎኔ። ቆምኩ።

«ግመሎቹስ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።