አሳርፍ ያልተባለ ልጅ

እኔ እስከማውቀው ድረስ በእኛ ከተማ፣ በመሐል ሜዳ፣ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። አላመናችሁኝም? እንግዲያው አንድ የቀብር ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቁሙና የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አዳምጡ። ሟች ሁሉ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ሰው አክባሪ» ነው። ዕድሜውን ሙሉ ድንበር እየገፋ ጎረቤቱን ፍርድ ቤት ሲያመላልስ የኖረው ሰውዬ እንኳ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ሰው አክባሪ ይሆናል። የዕድራችን ጸሐፊ አንድ የተዘጋጀ ወረቀት አላቸው፤ ስሙን ይቀይራሉ፣ የልጆቹን ብዛት ያስተካክላሉ፣ አለቀ። በዚህ ወረቀት ስንቴ ስቄያለሁ መሰላችሁ! ሳቄ የቆመው የአባቴ ስም ሊገባበት ሲል ነው።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ጌታነህ የዕድሜያቸውን እኩሌታ በጦር ሠራዊት፣ የቀረውን ደግሞ ከገብስ ማሳቸውና ከበጎቻቸው ጋር ነው ያሳለፉት። ስለ ጦርነቱ ስንጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ብርድ ነበር»። በቃ። እናንተ የቆላ ሰዎች ይሄ ቀላል መልስ ሊመስላችሁ ይችላል። የመንዝ ሰው «ብርድ ነበር» ካለ ግን ነገሩ ብርድ አይደለም። ልጅ ሆኜ አልገባኝም ነበር።

ቤታችን ከሩቅ ሲያዩት የገበሬ ቤት ነው፤ ሲቀርቡት ጦር ሰፈር። ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሳለ እኔን፣ እህቴን ወይንሸትንና ታናሻችንን ደጃፍ ላይ ያሰልፉናል። «ተጠንቀቅ! ቁጠር!» አንድ! ሁለት! ሦስት! ያደርንበት የበግ ጠጉር ባና አራት ማዕዘን ሆኖ ካልታጠፈ ይፈታና እንደገና ይታጠፋል። ከዚያ «አሳርፍ!» ይላሉ። ለእኛ ይህቺ ቃል ቁርስ ማለት ነበረች፤ በሶው የሚመጣው ከእሷ በኋላ ነዋ። ታናሻችን አንድ ቀን «እማዬስ ለምን አትቆጠርም?» ብሎ ቢጠይቅ እማዬ ራሷ መለሰችለት፦ «እኔ ስንቅና ትጥቅ ነኝ። ስንቅና ትጥቅ አይሰለፍም።» አባባ አልተከራከሩም። ስንቅና ትጥቅን የሚጣላ ወታደር የት አለ?

እማዬ ታናሻችንን ወልዳ አራስ ቤት ሳለች አባባ ከሠራዊቱ ፈቃድ ወስደው መጥተው ነበር። ወይንሸት ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፣ ጸጉሯን የሚሠራላት ጠፋ። አባባ ጉልበታቸው መሐል አስቀመጧትና ጀመሩ። ሲጨርሱ ሹሩባ አልነበረም፤ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ቀጥ ቀጥ ብሎ የተቆፈረ ምሽግ ነበር። መንደሩ ሳቀ። ወይንሸት ግን «አባባ ናቸው የሠሩኝ!» እያለች ጸጉሯ ራሱ እስኪፈታ ድረስ ማንንም አላስነካችም።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ «ትምህርት በቃኝ» አልኩ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ሰፈሩ ፍሬን የለሽ ነው የሚለኝ። አባባ ሰሙኝ። «ተጠንቀቅ!» አሉ። ቀጥ አልኩ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ከዚያ ዞረው ወደ ማሳው ሄዱ። እኔ እዚያው። እማዬ ወጣችና፣

«አንተ! ምን ተገትረህ ነው?»

«አሳርፍ አላሉኝማ!»

«እኔ ብልህስ?»

«አንቺ ስንቅና ትጥቅ ነሽ።»

አባባ ሲመለሱ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። አዩኝና «ብላ» አሉ። ብላ አሉ እንጂ አሳርፍ አላሉም። ያቺን ቃል ዳግመኛ ከአፋቸው አልሰማኋትም። እኩዮቼ አንድ በአንድ ወጥተው በረሃም ባሕርም ተሻገሩ፤ አንዳንዶቹ ወሬያቸውም የለ። እኔ ባጃጅ ነዳሁ። አባባ ጠዋት ጠዋት ይመጡና ጎማውን በጫማቸው ነካ ነካ አድርገው «ጎማ! ፍሬን! መብራት!» ይላሉ። እመልሳለሁ። ይሄዳሉ። እኔም «ተቀይመውኛል» እያልኩ ስድስት ዓመት ነዳሁ።

ባለፈው ጥቅምት ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን የመጻፉና የማንበቡ ነገር በበኩር ልጅነቴ እኔ ላይ ወደቀ። ጸሐፊው ወረቀታቸውን ዘረጉልኝ፤ እንቢ አልኩ። ከሰልፍ ያመለጥኩ ልጃቸው በመጨረሻው ቀን እንኳ የሌላ ሰው ታሪክ ላንብብባቸው? ቁጭ ብዬ ባናውን፣ ቆጠራውን፣ ሹሩባውን ጻፍኩ። የአባባ የጦር ጓድ አሥር አለቃ በቀለ በትከሻዬ በኩል አነበቡና ጮኹ።

«ምሽጉን ጻፍ እንጂ! ሹሩባ ምን አመጣው? የወታደር ታሪክ ነው እኮ!»

«ጋሼ፣ ምሽጉን ስጠይቃቸው ብርድ ነበር ነው ያሉኝ። ሹሩባውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ቆባቸውን አስተካከሉ። «እውነት ነው፣ ብርድ ነበር» አሉና ሄዱ።

ሕዝቡ በተሰበሰበበት አነበብኩ። ጋሼ በቀለና አምስት ሽማግሌ ወታደሮች ከሳጥኑ አጠገብ በተጠንቀቅ ቆመዋል። ሹሩባው ጋ ስደርስ ወይንሸት እያለቀሰች ሳቀች። የቀረችኝ የመጨረሻዋ መስመር ናት፦ «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያሳርፍ።» «በገነት» ካልኩ በኋላ ዓይኔን ከወረቀቱ አንሥቼ ሳጥኑን አየሁ። ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ኃይሌን አሟጥጬ ቃሏን ስወረውራት «ያ» የምትባለዋ ፊደል እንዴት «አ» እንደሆነች እንጃ!

«አሳርፍ!»

ስድስት ግራ እግር በአንድ ጊዜ መሬቱን መታ። ስድስት ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ወደ እነሱ አዞረ። ቄሱ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ «አሜን» አሉ።

ከቀብር መልስ ጋሼ በቀለ ክንዴን ያዙኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር።

«አንተን አሳርፍ ሳይልህ የቀረው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ተቀይመውኝ ነዋ።»

«የምን ቂም! ‹እግሩን አውቀዋለሁ፤ አሳርፍ ካልኩት እንደ እኩዮቹ መንገድ ይሄድብኛል፤ እንደቆመ ይቆይልኝ› ብሎኛል በአፉ።»

ምን ልበላችሁ? ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጣት ነው ብዬ የተሸከምኩት ነገር ገመድ ነበር ለካ፤ ከነእስትንፋሴ እናቴ ደጅ ያቆየኝ ገመድ። ጋሼ በቀለ ፊቴን አይተው ደረታቸውን ነፉ።

«ማዕረጌ ቢያንስም፣ በእሱ ቦታ ሆኜ አሳርፍ ልበልህ?»

«አይ ጋሼ፣ ይቆይ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጎማውን በጫማዬ ነካ ነካ አደረግሁ። ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት። እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ በሶውን አቀበለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደቆምኩ ነኝ። ደግሞስ ማን አሳርፍ ይለኛል? አሳራፊዬ ራሳቸው ዐርፈዋል።