ከሰባተኛው ገጽ ወደ አንደኛው፦ የፓክ ፓርጂማን ዘመቻ

ድረ ገጽ በከፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ ከወፍ ቤት ሠሪው ከፓክ ዊርዮ የሥራ ቤት በተባረረ በአሥራ አንደኛው፣ በወርኃ ሩዋህ፣ ረመዳን ሊገባ አሥራ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሥዩመ ቀርከሃ፣ መዶሻው የማይስት፣ ስድስተኛ ክፍልን በሁለተኛው ግጥሚያ ድል የነሣ፣ በሶሎ ከተማ የሞጆሶንጎ ሰፈር የወፍ ቤት ሠሪ ፓክ፣ ማለት አቶ፣ ፓርጂማን ያደረገው ገድል ይህ ነው።

በዚያ ዘመን በምድር ሁሉ ላይ የነገሠው ፊቱ የማይታይ፣ ስሙ መፈለጊያ የተባለ የኢንተርኔት ንጉሥ ነበር። ሰው ስልኩን አውጥቶ «የወፍ ቤት፣ ሞጆሶንጎ» ብሎ በጻፈ ጊዜ ንጉሡ አሥር መኳንንት መርጦ በአንደኛው ገጽ ያስቀምጣል፤ የቀሩትን በኋላ ገጾች ይበትናቸዋል፤ ወደዚያም የሚዘልቅ ፍጥረት የለም። ፓክ ዊርዮ በአንደኛው ገጽ ራስ ላይ ተደላድሎ ሳለ ፓርጂማን በሰባተኛው ገጽ፣ ከከሰረ የዶሮ እርባታና ከሦስት ዓመት በፊት ከጠፋ ድመት ማስታወቂያ መካከል ተጥሎ ይኖር ነበር።

ይኸውም ዊርዮ ባባረረው ቀን በሠራተኛው ሁሉ ፊት እንዲህ ብሎ አውጆበት ነበር፦ «ሂድ ወዲያ! አንተን ደሞ ማን ፈልጎ ይመጣል? እኔ ራሴ ብትጠፋብኝ አልፈልግህም!» የሰሙት ሁሉ ስቀው ረሱት፤ ፓርጂማን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሩዙ ጋር ሲያላምጠው ኖረ።

በዚህም ወር ሚስቱ ቡ ሱሚራ ጭልፋዋን እንደ በትረ መንግሥት አንሥታ ከወጥ ቤት ደጃፍ አዋጅ አስነገረች፦ «ስማ ፓክኔ! እስከ ረመዳን ዋዜማ አንድ የወፍ ቤት ትእዛዝ ካልመጣ ኩራትህን አጣጥፈህ ወደ ዊርዮ ትመለሳለህ። ብርጭቆ ወረቀት ይዘህ የሱን ቀርከሃ ስታሽ ትውላለህ። በቃ፣ ተናግሬያለሁ!»

የሱሚራ እህት ምባክ ኩስዋቲ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖራ የኢንተርኔትን ምሥጢር የጠጣች፣ እርሷም በበኩሏ አወጀች፦ «ማስ፣ ወንድሜ፣ ወደ ላይ መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ማስታወቂያ ነው፤ እየከፈልክ ከላይ ትቀመጣለህ፣ ኪስህ የደረቀ ቀን ዱብ ትላለህ። ሁለተኛው ሊንክ ነው፤ ሌላው ሰው በራሱ ገጽ ላይ ‹ወደ ፓርጂማን በዚህ ሂዱ› ብሎ መንገድ ሲያወጣልህ ማለት ነው። መንገድ የበዛለት ይከበራል። ግን ማን ሊንክ ይሰጥሃል? መጀመሪያ ሀላማንህን አስተካክላ! የተዝረከረከ ነው፣ እንግዳ ቢገባ ያፍራል!»

ሀላማን ደግሞ በአገሩ ቋንቋ የድረ ገጽም ገጽ ነው፣ የቤትም ግቢ ነው። ኩስዋቲ ገጹን አለች፤ ፓርጂማን ግቢውን ሰማ።

ወእምዝ፣ ማክሰኞ በፖን ገበያ ቀን፣ ገና ወገግ ሲል ታጥቆ ተነሣ። ከእርሱም ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ ወገቡን የሚያመው ጎረቤቱ ፓክ ሳጊሚን፣ ሳይጠሩ የመጡ የሳጊሚን ዳክዬና ስድስት ጫጩቶቿ፣ ጎማው የተነፈሰ አንድ ጋሪ፣ እጀታ የሌለው አካፋ፣ አካፋ የሌለው እጀታ። ሦስት ቀን ተዋጋ። ሣሩን አጨደ፣ የአሥራ አንድ ዓመት የቀርከሃ ፍልጥ አነሣ፣ አጥሩን ኖራ ቀባ፣ ያሉትን የወፍ ቤቶች ሁሉ በማንጎው ዛፎች መካከል በሽቦ ሰቀለ፤ ግቢውም እንደ ሙሽራ አማረ።

ኩስዋቲም ቅዳሜ መጥታ ባየች ጊዜ ባለችበት ቁጭ አለች፤ እንባዋ እየወረደ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ያ አላህ! ማስ፣ የኢንተርኔቱን ገጽ እኮ ነው ያልኩህ! መፈለጊያው በአጥርህ ላይ አንገቱን አስግጎ የሚያይ መሰለህ?» ዳክዬዋ እንኳ ደንግጣ ሸሸች። ወሬው እርሷ ከግቢው ሳትወጣ ዊርዮ ጋ ደረሰ፤ እርሱም በአደባባይ፦ «እንኳን ጠረገ! እጁን ያፍታታ፤ ከረመዳን በኋላ የኔን ግቢ ይጠርግልኛል!» አለ። ፓርጂማን ይህን ሲሰማ ጆሮው ነደደ፤ ነገር ግን መጥረጊያውን አልጣለም።

ወበይእቲ ሌሊት ዝናብ ወረደ፤ የዘማሪ ወፍ ማኅበር እሑድ እሑድ የሚወዳደርበትን ሜዳ ውኃ ዋጠው። በዚያ አገር ሰው ሚስቱን ሳይሰናበት ከቤት ሊወጣ ይችላል፣ ወፉን ሳይሰናበት ግን አይወጣም፤ ስለዚህ አርባ ሦስት ባለ ወፎች ወፎቻቸውን በሞተር ብስክሌት አዝለው ደረቅ ቦታ ፍለጋ ሲንከራተቱ የፓርጂማንን ግቢ አዩ። አለቃቸውም አወጀ፦ «ጎበዝ፣ ገነት እዚህ ነው! ግቡ!»

ገቡ፤ ወፎቹም በፓርጂማን ቤቶች ውስጥ ሆነው ዘመሩ፤ ሙራይ የተባለው ወፍ ተራቀቀ፣ ካናሪው ድምፁን አንቀጠቀጠ፣ ሳጊሚን እንኳ ወገቡን ረሳ። አርባ ሦስቱም ማታ በየገጻቸው ፎቶ ለጥፈው ከሥሩ «ቤቶቹን የሠራው ይኸው» ብለው ሊንኩን አኖሩ። ድረ ገጾችን ሌት ተቀን የሚያስሱ የንጉሡ ሰላዮች አርባ ሦስት አዳዲስ መንገዶች አግኝተው ተደናገጡ። ፓርጂማን ከሰባተኛው ገጽ ወደ አራተኛው ዘለለ፣ ከአራተኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም አንደኛው ገጽ ላይ ከዊርዮ እግር ሥር ደርሶ ቆመ። ነገር ግን የሚገዛው ሰው የመጀመሪያውን ነክቶ ይሄዳልና፣ ረመዳን ሁለት ቀን ሲቀረው አንድም ትእዛዝ አልመጣም። ሱሚራም ብርጭቆ ወረቀቱን ገዝታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ያን ጊዜ ዊርዮ ሁለተኛው ማን እንደሆነ አይቶ ደሙ ፈላ፤ በገዛ ገጹም ላይ በትልልቅ ፊደል አወጀ፦ «ወገኖቼ ተጠንቀቁ! ትናንት የኔን ቀርከሃ ሲያሽ የነበረ ሰው ዛሬ ባለሙያ ነኝ ይላል። ካላመናችሁኝ እዚህ ተጫኑና ጉዱን እዩ!» ብሎም የፓርጂማንን ሊንክ አኖረ።

የንጉሡ ሰላዮች ግን ስድብ ማንበብ አያውቁም፤ መንገድ መቁጠር እንጂ። ከታላቁ መስፍን ደጅ የወጣ አንድ መንገድ ደግሞ ከአርባ ሦስቱ ይከብዳል። ሰውም ጉድ ሊያይ ጎረፈ፣ ቤቶቹን አየ፣ ጉዱን ረሳ። በረመዳን ዋዜማ ከአሱር ሶላት በኋላ ፓርጂማን አንደኛ ሆነ፤ ሱሚራም ስልኩን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ እየሮጠች አስነገረች፦ «ፓክኔ! ከሰማራንግ ከተማ ትእዛዝ ነው! አሥራ ሁለት የሙራይ ቤት ይላል! ኧረ ሌላም እየጠራ ነው!»

ኃያሉም ለቀድሞ ጌታው የመጨረሻውን አዋጅ በስልክ ሰደደ፦ «ፓክ ዊርዮ፣ ያቺን ጽሑፍ አደራ እንዳታጠፋት። ስድቡ ካነሰ ጨምርበት!»

ስብሐት ለቀርከሃ! ወዳጁ ያሞገሰው በየመንደሩ አለ፤ ጠላቱ በራሱ ደጅ ቆሞ «እሱ ጋ ሂዱ» እያለ ሕዝብ የሚነዳለት ግን በሶሎ ምድር ከፓርጂማን በቀር አልተወለደም።