ከሁለተኛዋ በፊት ስለወጣችው ዐሥረኛ ሚኒባስ የተደረገ ስብሰባ

ዓርብ ኅዳር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እንጅባራ።

የጠዋት ቆጠራ፦ በአዊ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ዐዲስ የገባ ጥያቄ 14፤ የተዘጋ 11፤ ሰላምታው ተቆርጦ በቀጠሮ ያደረ 2፤ መልስ ያገኘ 1። መልስ ያገኘውን የመለሰው ራሱ ጠያቂው ነው።

የድረ ገጹ ኮሚቴ መዝገብ ስላለቀ ይህ ቃለ ጉባኤ በሱቄ ማስታወሻ ደብተር ሰፍሯል።

ቦታ፦ የጸሐፊዋ የሞባይልና የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሱቅ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ። የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡30።

የተገኙ፦
1. አቶ ስማቸው፣ ሰብሳቢ። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ። እስከ ዛሬ 1,106 ጥያቄ ዘግተዋል፤ የመለሱት የለም።
2. መምህር ክንዴ፣ አባል። ዳንግላ ሒሳብ ያስተምራሉ። በድረ ገጹ ካለው መልስ እኩሌታው የእሳቸው ነው።
3. ወ/ሪት ውብአየሁ፣ አባል። ኮፒ ቤት አላት፤ የጠያቂዎችን ጽሑፍ ታርማለች።
4. እታለማሁ፣ ጸሐፊ፤ ይህን የምጽፈው እኔ።

ያለ ድምፅ የተገኘች፦ ወ/ሪት ማናለብሽ፣ የጫግኒ መናኸሪያ ተራ መዝጋቢ። ከአንባቢዎች ያገኘችው ነጥብ 11 ነው። በደንቡ መሠረት አስተያየት ለመስጠት 50 ነጥብ ስለሚያስፈልግ ወንበር ተሰጥቷት ዝም እንድትል ተነግሯታል።

ያልተገኘ፦ አቶ እንየው፣ ከአዘና። የስብሰባው ጥሪ በድረ ገጹ ተለጥፎ ነበር፤ ሰብሳቢው «ከርዕስ ውጭ» ብለው ስለዘጉት አላየውም። ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የማናለብሽ ጥያቄ ለምን እንደተዘጋ

ሰብሳቢው ጉዳዩን አስረዱ። ማናለብሽ ሚኒባሶችን በተራ የሚያስወጣ ፕሮግራም ጽፋለች። መኪኖቹ ከዘጠኝ እስካልበለጡ ድረስ ይሠራል። ዐሥር ሲሞሉ ግን ዐሥረኛዋ ከአንደኛዋ ቀጥላ፣ ሁለተኛዋን ቀድማ ትወጣለች። ባለፈው ቅዳሜ አበረ የሚባል ሾፌር ሁለተኛ ተሰልፎ ሳለ ዐሥረኛዋም ዐሥራ አንደኛዋም ጥለውት ሄደዋል። ሾፌሮቹም በነገው ገበያ ይህ ከተደገመ ማሽኑ ወጥቶ ወረቀት እንደሚመለስ፣ እሷም ወደ በር ጥበቃ እንደምትዛወር ቁርጡን ነግረዋታል። ጥያቄውን ያቀረበችው ማክሰኞ ነው፤ ሐሙስ ተዘግቷል።

ወ/ሪት ውብአየሁ ሰላምታ የአንባቢን ጊዜ ስለሚወስድ በደንቡ መሠረት የጥያቄውን የመጀመሪያ ዘጠኝ መስመር መቁረጧን ገለጸች። በዘጠኙ መስመር ጠያቂዋ የአንባቢዎችን ጤና፣ የልጆቻቸውን ጤና፣ የከብቱን ሁኔታና የዘንድሮውን የድንች ምርት ጠይቃ ነበር። መምህር ክንዴ ስድስተኛው መስመር ላይ «እኔም ደኅና ነኝ፤ ፕሮግራሙን የጻፍኩት በፓይተን ቋንቋ ነው» የሚል መኖሩን አስታወሱ። ወ/ሪት ውብአየሁ ዓረፍተ ነገሩ በ«እኔም ደኅና ነኝ» ስለሚጀምር ከሰላምታ መቁጠሯን አልካደችም።

ሰብሳቢው በበኩላቸው ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ስላልተገለጸ ከሥሩ «በምን ጻፍሽው?» ብለው መጠየቃቸውን፣ ሁለት ቀን ጠብቀው መልስ ስላጡ መዝጋታቸውን አስረዱ። መምህሩ መልስ ለመስጠት 50 ነጥብ እንደሚያስፈልጋትና እንደሌላት ተናገሩ። ሰብሳቢው «ነጥብ እንድታጣ ያደረግኋት እኔ ነኝ?» አሉ።

በዚህ ጊዜ ማናለብሽ እጇን አወጣች። መታየቱ ተመዝግቧል።

ጸሐፊዋ ማናለብሽ እንዳትናገር፣ ግን ሲጠይቋት ራሷን እንድትነቀንቅ ሐሳብ አቀረበች። ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ ራስ መነቅነቅ አስተያየት ስለሆነ 50 ነጥብ እንዲያስፈልገው ተወሰነ።

መምህር ክንዴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መልሱን ከማክሰኞ ጀምሮ እንደሚያውቁት፣ ሐሙስ ከክፍል ወጥተው ሊለጥፉት ሲሉ ግን ጥያቄው ስለተዘጋ ቦታ ማጣታቸውን ተናገሩ። ሰብሳቢው የስብሰባው ሥርዓት እንዲከበር አሳሰቡ። መምህሩ «አቶ ስማቸው፣ እርስዎ እኮ ቤት ሲቃጠል የውሃውን ባልዲ ማኅተም የሚፈትሹ ነዎት» አሉ። ሰብሳቢው ይህ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ ጠየቁ። ጥያቄያቸው በቃለ ጉባኤው ገብቷል።

ጸሐፊዋ የሻይ ዕረፍት ይሁን አለች። በዕረፍት የሚባል ነገር በቃለ ጉባኤ አይያዝምና አልተያዘም። መምህሩና ማናለብሽ በረንዳ ላይ በአንድ ላፕቶፕ አጎንብሰው እንደነበር ግን ሻይ ሊጠጣ የወጣ ሁሉ አይቷል።

አጀንዳ 2፦ ጥያቄውን ስለ መክፈት

ከዕረፍት መልስ ረጅም ውይይት ተደርጎ የሚከተለው በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ።

ሀ. ጥያቄው ይከፈት።
ለ. የተቆረጠው ሰላምታ ይመለስ፤ ድንቹ ግን ይቅር።
ሐ. ለአስተያየት የሚያስፈልገው ነጥብ ከ50 ወደ 10 ይውረድ።

በውሳኔ ሐ መሠረት ማናለብሽ መናገር ስለተፈቀደላት ተነሣች። ከሰብሳቢው ጀምራ የእያንዳንዱን አባል ደኅንነት ጠየቀች፤ የጸሐፊዋንም ሱቅ ጠየቀች። ይህ ስድስት ደቂቃ ወሰደ። ወ/ሪት ውብአየሁ ሁለት ጊዜ ልታቋርጣት ሞክራ አልተሳካላትም። ቀጥሎም ማናለብሽ እንዲህ አለች፦

«መምህር ነግረውኛል። ማሽኑ ቁጥሩን እንደ ቃል ነበር የሚያነበው። እንደ መዝገበ ቃላት፣ በ1 የሚጀምረው ሁሉ፣ 10ም 11ም፣ ከ2 ይቀድማል። ‹ይህ ቃል አይደለም፣ ቁጥር ነው› የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ። ይኸው ዐሥረኛዋ ከዘጠነኛዋ በኋላ ወጣች። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሰብሳቢው ላፕቶፑን መነጽራቸውን አድርገው አዩት። መሥራቱን አልተቃወሙም። ከዚያ ጥያቄው የተከፈተው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጸሐፊዋን ጠየቁ። 10፡05። መልሱ የተሰጠውስ? ጸሐፊዋ በዕረፍት የተደረገውን እንደማታውቅ ተናገረች። ማናለብሽ «9፡40» ብላ ረዳቻቸው።

ሰብሳቢው የተዘጋ ጥያቄ ሊመለስ እንደማይችል፣ ተመልሶ ከተገኘም ከመጀመሪያው ጥያቄ አልነበረም ማለት መሆኑን አስረዱ። መምህር ክንዴ «እና እስካሁን ስለምን ስናወራ ዋልን?» ብለው ጠየቁ። ይህ በሌላ ስብሰባ እንዲታይ ተላለፈ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ያልነበረ ጥያቄ ሊከፈት ስለማይችል ውሳኔ ሀ ተሽሯል። ላልነበረ ጥያቄ ሰላምታ ስለማይመለስ ውሳኔ ለ ተሽሯል። ውሳኔ ሐ የወጣው ለዚሁ ጥያቄ ሲባል ስለሆነ ተሽሮ ነጥቡ ወደ 50 ተመልሷል። በመሆኑም ማናለብሽ እንዳልተናገረች፣ ፕሮግራሙ መሥራቱንም ኮሚቴው እንዳልሰማ ይቆጠራል። ራስ ስለ መነቅነቅ የተወሰነውም አብሮ ተሽሯል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ መምህሩ እጃቸውን ያወጡት የዳንግላው መኪና ሊያመልጣቸው ስለሆነ ነው።

ማናለብሽ ስለዚህ ራሷን ነቀነቀች፤ ላፕቶፗን በነጠላዋ ጠቅልላም ወጣች።

ስብሰባው ከቀኑ 10፡40 ተበተነ።

ነገ፦ የማናለብሽ ላፕቶፕ ባትሪው አይዝም፤ በረንዳ ላይ የሠራው በእኔ ቻርጀር ነው። የመናኸሪያው መብራት ደግሞ አያስተማምንም። ከሱቅ አንድ ደኅና ባትሪ መርጬ በመጀመሪያው መኪና ጫግኒ እወርዳለሁ፤ ዐሥረኛዋ ሚኒባስ ከመሙላቷ በፊት ልደርስ።