ጋሽ ከፈለና የታሸገው ገመድ

በአገራችን የፈለጋችሁት መሥሪያ ቤት ግቡ፤ ኃላፊው ይቀየራል፣ ማኅተሙ ይቀየራል፣ የግድግዳው ቀለም ይቀየራል፤ የንብረት ክፍሉ ሰው ግን አይቀየርም። ካኪ ጋዋን ለብሶ፣ የቁልፍ መዓት ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ዕቃ የሚገዛው እንዲሠራበት ነው ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ዕቃ የሚገዛው እንዲቀመጥ ነው።

ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የምታስተምረው ናዝራዊት ከእኒህ ሰው ጋር የተዋወቀችው ከሶዶ መጥታ ሥራ በጀመረች በሳምንቱ ነው። ክቡር አቶ ከፈለ፣ የመደርደሪያዎች ጌታ፣ የካርቶኖች ባላደራ! ሰሌዳ ላይ የምትጽፍበት ማርከር ብትጠይቃቸው «ያለቀውን አምጪ» አሏት።

«ገና መጀመሬ ነው ጋሽ ከፈለ፣ ያለቀ የለኝም።»

«እንግዲያው እስኪያልቅ ጠብቂያ!»

የስብሰባ አዳራሹ ወንበሮች ከተገዙ አራት ዓመት ቢሞላቸውም ፕላስቲካቸው አልተነሣም። በበጋ ስብሰባ ሲያልቅ ሰው ከወንበሩ እየተላቀቀ የሚነሣበት ድምፅ ከጭብጨባው ይበልጣል። የእሳት ማጥፊያው እንዳይሰረቅ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉም ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሽ ከፈለ ጋር ሄርማታ ገበያ ይውላል። አንድ ቀን ፕሮጀክተር አስፈርመው ለናዝራዊት ከሰጧት በኋላ አላስችል ብሏቸው ክፍሏ ገቡና ከተማሪዎቹ ኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። መጨረሻ ላይ እጃቸውን አወጡ። እሷ ስለ ትምህርቱ የሚጠይቁ መስሏት ደስ አላት። ጥያቄው «መቼ ነው የሚጠፋው? ሞቀ እኮ!» የሚል ነበር። ለምን እንዲህ ይሆናሉ ስትሏቸው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው፤ «ንብረት ነው!»

ታዲያ ጥር መጨረሻ ላይ ናዝራዊት ቪአሩን ይዛ ጅማ አጠገብ ወዳለችው የቡ ልትሄድ ስትወጣ፣ ጋሽ ከፈለን የቪአሩን ካርቶን ታቅፈው መኪናው የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው፤ «ጋሽ ከፈለ ወፍረዋል» አለች በልቧ። ቪአር የሚባለው ዓይን ላይ የሚታሰር ጥቁር መነጽር ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ያጠለቀውን ሰው ካለበት አንሥቶ ሌላ ቦታ ያቆመዋል።

«ያሸግሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ አታስቢ» አሏት። እሷም አላሰበችም።

የቡ ላይ የሚጠብቋት የቡና ገበሬዋ አዴ ዙቤይዳ ነበሩ። ሟች ባላቸው የተከሉት ቡና አርጅቷል፤ ግንዱ ሽበት አብቅሏል፣ ፍሬውም ሳስቷል። መድኃኒቱ ጉንደላ ነው፤ ግንዱን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል አስቀርቶ መቁረጥና አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ መተው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ኩመራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመናቸው። «ባሌ የተከለውን በመጋዝ?» ይሉታል። የተጎነደለ የጎረቤት ቡና ቢያሳያቸው «የሱ መሬት ሌላ ነው» አሉት። እሳቸው እምቢ ካሉ ደግሞ መንደሩ ሁሉ እምቢ ነው። ናዝራዊት የእሳቸውኑ ማሳ ግንድ በግንድ ፎቶ አንሥታ፣ ተጎንድሎ ሦስት ዓመት ሲሞላው ምን እንደሚመስል ቪአሩ ውስጥ የሠራችው ለዚህ ነው። ዛሬ አይተው ካልወሰኑ ዝናቡ ይመጣል፤ የዘንድሮው የጉንደላ ጊዜም ያልፋል።

«እስከ ዙህር እቀመጣለሁ» አሉ አዴ ዙቤይዳ፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛው አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ ተደላድለው። «ከዚያ ሶላቴ አለ። ሜ፣ እስቲ አሳዩኝ!» ከኋላቸው አሥራ ሁለት ገበሬዎች ተደርድረዋል።

ናዝራዊት ገመዱን ሰካች። የመነጽሩ መብራት በራ። ኮምፒውተሩ ግን «መሣሪያው አልተገኘም» አለ። ነቅላ ሰካችው፤ አልተገኘም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሣች፣ መነጽሩን አጥፍታ አስነሣች፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ፕሮግራሙን አውጥታ እንደገና ጫነች። አዴ ዙቤይዳ መነጽሩን አጥልቀው «ጨለማ ነው» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «አሁንም ጨለማ ነው። አቦ፣ ቡናዬ የሚያፈራው በሌሊት ነው እንዴ?»

ገበሬዎቹ ሳቁ። ናዝራዊት ግን ላብ አጥምቋታል። ኩመራ ሰዓቱን እያየ ጥፍሩን ይበላል።

«መብራቱ በርቶ የለ? ምን ጎደለው?» አሉ ጋሽ ከፈለ።

እውነታቸውን ነው፤ በርቷል። ናዝራዊትን ያሳሳታትም እሱ ነበር። ገመዱን ለአምስተኛ ጊዜ ልትነቅል ስትይዘው ግን ጣቶቿ ነቁ። ኮሌጁ ውስጥ ስትሠራበት የከረመችው ወፈር ያለ ነበር፤ ይሄኛው ቀጭን ነው።

«ጋሽ ከፈለ፣ ይሄ የኔ ገመድ ነው?»

ጋሽ ከፈለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዋናው ገመድ መንገድ ላይ ይጎዳል ብዬ… ይኸኛውን ከሄርማታ ነው ያመጣሁት። ቁመቱ ያው፣ ጫፉ ያው፣ ቀለሙም ያው።»

«ይሄ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው! ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ መልእክት ግን አያሳልፍም። ዋናው የት ነው ያለው?»

ዋናው ጅማ መጋዘን ውስጥ ከሆነ ነገሩ አበቃ፤ ተሄዶ እስኪመጣ ዙህር ያልፋል። ጋሽ ከፈለ የጋዋናቸውን አዝራር ፈቱ። ከጋዋኑ ሥር ኮት፣ ከኮቱ ውስጥ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል ወጣ። እዚያ ውስጥ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ፊርማቸው አርፎበት ተቀምጧል። ጠዋት ናዝራዊት «ጋሽ ከፈለ ወፍረዋል» ያለችው ለካ እሱን አይታ ነው።

«ንብረት ነው…» ብለው ጀመሩ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። አዴ ዙቤይዳ መነጽሩን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዩዋቸዋል። ጋሽ ከፈለ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ገመዱን አዩ። ከዚያ ፕላስተሩን በጥርሳቸው ቦጨቁት። ናዝራዊትን አላስፈረሟትም። ማንም ቢነግራት ኖሮ አታምንም ነበር።

ገመዱ ገባ። ኮምፒውተሩ «ተገናኝቷል» አለ። አዴ ዙቤይዳ መነጽሩን ወደ ዓይናቸው መለሱ። ቀጥለው እጃቸውን ዘረጉና ፊታቸው የሌለውን ቅርንጫፍ ወደ ታች ጎተቱ።

«ያ ረቢ! ዋንዛው! ኩኖ፣ ይኸውላችሁ፣ ይሄ እኮ የኔው ዋንዛ ነው! ይሄ… ይሄ ሁሉ ቀይ የኔ ነው?»

«በደንብ ከተያዘ እንዲህ ይሆናል ብለን ነው የምንጠብቀው፣ አዴ» አለች ናዝራዊት። እንባዋ መጣ።

ገበሬዎቹ ያው ምስል የሚታይበትን ኮምፒውተር ከበው ያጨበጭባሉ፤ ኩመራ ወንበር ላይ ወጥቶ ያፏጫል። ጋሽ ከፈለ ብቻ፣ ገመዱን ማንም እንዳይረግጠው በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው፣ አዴ ዙቤይዳ በዞሩበት ሁሉ ይዞራሉ። የሙሽራ ቬሎ የያዙ ሚዜ ነው የሚመስሉት።

ከዙህር በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ማሳው ወረደ። ኩመራ መጋዙን ለአዴ ዙቤይዳ ሰጣቸው። የመጀመሪያውን ግንድ በመዳፋቸው ዳበሱት እንጂ መጋዙን አላሳረፉበትም። «ልቁረጥልዎት?» ቢላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ጋሽ ከፈለን ጠሩ።

«አንተ ና። አንተ ለገመድ እንኳ የምታዝን ሰው ነህ። የማያዝን ሰው ይሄን እንዲነካብኝ አልፈልግም።»

ጋሽ ከፈለ ጋዋናቸውን አውልቀው ለናዝራዊት አስያዟት። ተንበርክከው፣ ኩመራ እንዳሳያቸው መጋዙን አዘንብለው፣ ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ ቀስ እያሉ ቆረጡት። ናዝራዊት ካኪውን ጋዋን ታቅፋ ታያቸዋለች። እኒህን ሰው ትወዳቸዋለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን አታውቅም። ግንዱ ሲወድቅ በክንዳቸው ተቀበሉትና ቀስ ብለው መሬት ላይ አስተኙት።

አዴ ዙቤይዳ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው ሳቁ።

«ማሻአላህ! በል ቀጥል፤ መቶ አርባ ግንድ ይቀረናል።»