ለጠባብ ቦታ የሚሆን ጠመንጃ

[የቀለም መጋዘን የጥበቃ ክፍል፣ ረፋድ ላይ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የብረት ቁም ሳጥን፣ አንድ የውስጥ ስልክ። ጠረጴዛው ላይ ለምርጫ የመጡ ሁለት የአደን ጠመንጃዎች ተጋድመዋል። ጥበቃው አንዱን ያነሳና አፈሙዙን ጥግ ወደተቀመጠው የአሸዋ ባልዲ ያዞራል። መቆለፊያውን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ጠመንጃውን ከወገቡ ያጥፈዋል። ትንሿን ጣቱን በአንደኛው ቀዳዳ፣ ቀጥሎም በሁለተኛው ይከታል። ባዶ ነው። ጎንበስ ብሎ በዓይኑም ያያል። አሁንም ባዶ ነው። ከዚያ ከወንበር መደገፊያ ላይ አንድ ፎጣ ሳብ አድርጎ ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ይወለውለው ገባ። ይህ ሰው ጄኔራል ይባላል። ወታደር ቤት በደጁም አላለፈም፤ ማዕረጉን የሰጡት የመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች ናቸው። ባልደረባውን ደግሞ ቃል ስለሚቆጥብ ጭጭ ይሉታል።]

ጭጭ፦ ፎጣዬን መልስ አልኩህ።

ጄኔራል፦ ፎጣ አይደለም። ጠመንጃ ከነካ በኋላ መወልወያ ነው የሚባለው።

ጭጭ፦ አሁን ፊቴን የጠረግኩበት ነው።

ጄኔራል፦ አልኩ እኮ እርጥብ ነው! ብረቱን ልታዝግብኝ ነው እንዴ?

ጭጭ፦ እኔ?

ጄኔራል፦ ተወው። ትልቅ ነገር ይዘን በፎጣ አንጨቃጨቅ። ሥራ አስኪያጇ ምን አሉ? «ከሁለቱ የሚሻለውን ምረጡና ምክንያታችሁን ንገሩኝ፤ የሰኞን ምደባ በእሱ እወስናለሁ።» አንድ ሰው ውስጥ፣ አንድ ሰው ውጭ በር ላይ። የውጭው ጎጆ ደግሞ ጣራ የለውም።

ጭጭ፦ ነፋሱ ሲወስደው አይቻለሁ። የት እንዳደረሰው ግን አላየሁም።

ጄኔራል፦ ይኸ ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ነው የሚናገረው። ክረምቱን ውጭ ካቆሙኝ ተሸክማችሁ ነው የምትመልሱኝ። ስለዚህ ውስጥ የምመደበው እኔ ነኝ። ለውስጥ የሚሆነውን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ነው ውስጥ የሚመደበው። ገባህ?

ጭጭ፦ ጄኔራል፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?

ጄኔራል፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ተማር። በመደርደሪያና በመደርደሪያ መሃል ያለው መተላለፊያ ስንት እርምጃ ይሰፋል?

ጭጭ፦ አንድ ተኩል።

ጄኔራል፦ ጠባብ ነው። ለጠባብ ቦታ ደግሞ የራሱ ጠመንጃ አለው። ይኸኛው ባለ ሁለት አፍ ነው። ሁለት ጥይት ይጎርሳል። ሁለቱን ከተኮስክ በኋላ እንደገና ታጥፈዋለህ፣ ቀለሁን ታወጣለህ፣ አዲስ ታጎርሳለህ፣ ትዘጋለህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። ሌባው እስከዚያ ምን ሲያደርግ ይቆያል?

ጭጭ፦ የትኛው ሌባ?

ጄኔራል፦ ይኸ የምንነጋገርበት!

ጭጭ፦ ሁለቴ ተተኩሶበት አሁንም አለ?

ጄኔራል፦ አለ እንበል።

ጭጭ፦ እንዲህ ያለውን ሰውማ ጥበቃ መቅጠር ነው።

[ጄኔራል ባለ ሁለት አፉን አስቀምጦ ሌላውን ያነሳል። እንደ ፊተኛው ባዶነቱን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጣል። በዚህ በኩል ሰውየው አይታማም።]

ጄኔራል፦ ይኸ ደግሞ ፓምፕ ይባላል። ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ አምስት ጥይት ይይዛል። የፊት እጀታውን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ወደ ፊት ትገፋለህ። [ሸረክ-ቸክ ያደርገዋል።] ሰማህ? ይህን ድምፅ የሰማ ሌባ ጫማውን ጥሎ ነው የሚሮጠው። ጥይት አታባክንም።

ጭጭ፦ ከሮጠ አምስቱ ለምንድን ነው?

ጄኔራል፦ ካልሮጠስ?

ጭጭ፦ ካልሮጠማ በጨለማ የት እንደቆምክ ነገርከው ማለት ነው።

ጄኔራል፦ ነገሩ ጥልቅ ነው፤ አንተ ዘንድ አይደርስም። ዋናው ጥቅሙን ስማ። ማነጣጠር የለም። ጥይቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ይበተናል። መተላለፊያውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል።

ጭጭ፦ ሥልጠናው ላይ በስምንት እርምጃ ነበር የተኮስነው። የእኔ ዒላማ ወረቀት ላይ የነበረው ቀዳዳ መዳፌን አያህልም።

ጄኔራል፦ የእኔስ?

ጭጭ፦ ያንተ ወረቀት ላይ ምንም አልነበረም።

ጄኔራል፦ አየህ? ተበትኖ ነው።

[ጭጭ ሁለቱን ጠመንጃዎች ጎን ለጎን አስተካክሎ ያስተኛቸዋል። በስንዝር ይለካል፤ ደግሞ ይለካል።]

ጭጭ፦ የሁለቱም አፈሙዝ እኩል ነው። ፓምፑ ግን በአንድ ስንዝር ይረዝማል። ከአፈሙዙ ኋላ ጥይቱን የሚያጎርሰው ተንሸራታች ብረት ስላለ ነው።

ጄኔራል፦ አንድ ስንዝር ምን አላት? አያያዙን ካወቅክበት በመርፌ ቀዳዳ ታሳልፈዋለህ። ይኸው፣ ይህ ጠረጴዛ መደርደሪያ ነው እንበል። ቁም ሳጥኑም መደርደሪያ ነው። መሃል ላይ ነኝ። ድንገት ከኋላዬ ኮሽ አለ። ዞር ስል… [ዞር ይላል። አፈሙዙ ቁም ሳጥኑን ጓ አድርጎ ይመታዋል።]

ጭጭ፦ ሰማ።

ጄኔራል፦ ማን?

ጭጭ፦ ሌባው።

ጄኔራል፦ ይኸ ቁም ሳጥን ያለ ቦታው ነው የቆመው!

ጭጭ፦ ታዲያ ሰኞ መደርደሪያዎቹን ነው የምናነሳው? ጄኔራል፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?

ጄኔራል፦ ቆይ አልኩህ! የሚያውቅ ሰው እየተናገረ አይጠየቅም።

ጭጭ፦ የማያውቅ ሰው ታዲያ መቼ ይጠይቅ?

[ስልኩ ይጮኻል። ጄኔራል ካፖርቱን ቆልፎ፣ ተረከዙን አጋጥሞ ያነሳዋል።]

ጄኔራል፦ አቤት አለቃዬ! … አዎ፣ መርጠናል። ማለቴ እኔ መርጫለሁ፤ እሱ ያለው ጥያቄ ብቻ ነው። … ፓምፑን። … እዚያው ውስጥ ነዋ አለቃዬ፣ መደርደሪያዎቹ መሃል። … ኧረ በጣም ቅርብ! ከስድስት ከሰባት እርምጃ አይበልጥም። … አስፈላጊ ከሆነ አምስቱንም። ካልበቃ እዚያው ቆሜ ደግሜ አጎርሳለሁ። … አለቃዬ? … አሉ? … እሺ። … እሺ። … እነግረዋለሁ። [ስልኩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል።]

ጭጭ፦ ምን አሉ?

ጄኔራል፦ «ጠመንጃው ያንተ ነው» አሉኝ።

ጭጭ፦ እንኳን ደስ አለህ።

ጄኔራል፦ «ከውጭው በር ወደ ውስጥ አንዲት እርምጃ ይዘኸው እንዳትገባ» አሉኝ። ላንተ ደግሞ «ወረቀቱ ደርሶኛል፣ ውስጥ ነህ በለው» ብለዋል። የምን ወረቀት?

ጭጭ፦ ጠዋት በቢሯቸው በር ሥር ያሾለክኩት ነው። ሁለት መስመር ናት። «ለውስጥ ጠመንጃ አያስፈልግም። ፊሽካ ይሰጠኝ።»

ጄኔራል፦ ፊሽካ! እኔ ሁለት ጠመንጃ ፈትሼ፣ ለክቼ፣ መርምሬ፣ አንተ በፊሽካ ቀደምከኝ?

ጭጭ፦ አሁን ልጠይቅ?

ጄኔራል፦ [ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ] ጠይቅ።

ጭጭ፦ ጫኚዎቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ ኪሳቸውን የሚፈትሽ ማነው?

ጄኔራል፦ እኔ። ስድስት ዓመት ሙሉ።

ጭጭ፦ ምን ትቀማቸዋለህ?

ጄኔራል፦ ክብሪትና ላይተር። አንዲት ክብሪት አምልጣኝ አታውቅም!

ጭጭ፦ ለምን ትቀማቸዋለህ?

ጄኔራል፦ ሲጋራ እያጨሱ ሥራ እንዳይፈቱ ነዋ።

ጭጭ፦ ከሦስተኛው እስከ ዘጠነኛው መደርደሪያ ያሉት በርሜሎች ላይ የተለጠፈው ቀይ ሥዕል ምንድን ነው?

ጄኔራል፦ አበባ ነው። የፋብሪካው ምልክት።

ጭጭ፦ እሳት ነው፣ ወንድሜ። ውስጡ ያለው የቀለም ማቅጠኛ ነው። እንኳን ጥይት፣ የአንዱ ክዳን ላልቶ ያደረ ቀን የመብራት ማብሪያ እንኳ አይነካም።

[ጄኔራል ፓምፑን ያያል። የመጋዘኑን በር ያያል። ደግሞ ፓምፑን ያያል።]

ጄኔራል፦ እና ሌባውን ብስተው…

ጭጭ፦ መጋዘኑን ታገኘዋለህ።

ጄኔራል፦ ባልስተውስ?

ጭጭ፦ ያው ነው። ፍሬው ይበተናል ብለሃል።

ጄኔራል፦ አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ስታውቅ ምነው አስቀድመህ አትነግረኝም?

ጭጭ፦ ቆይ አልከኝ። ቆየሁ።

[ጄኔራል ይነሳል። የካፖርቱን ኮሌታ ወደ ላይ ያቆማል። ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ በራ ይላል፤ ውጭው በር ሰፊ ነው፣ አላፊ አግዳሚ አያጣውም። ከዚያ ይህን ወደምታነቡት ወደ እናንተ ዞር ይላል።]

ጄኔራል፦ ሰኞ በዚያ በር የምታልፉ ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። «ምነው ውጭ ቆምክ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። ስለ ጠመንጃ ጠይቁኝ። እስከ ማታ አለሁ።