አይን ጨፍኖ በረት ማቆም

መቼም እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሀዋሳ ውስጥ ደጃችሁ ላይ እንጨት ካራገፋችሁ ሰፈሩ በሙሉ መሐንዲስ ይሆናል። ለወትሮው ሰላምታ የሚከብደው ሰው ሳይቀር ባጃጅ አስቁሞ ይወርድና፣ እንጨቱን በጫማው ነካ ነካ አድርጎ፣ "ይሄ እርጥብ ነው፤ ይጣመማል" ብሏችሁ ይሄዳል። ምክር ሞልቶ ተርፏል። የሚጠፋው ትከሻ ነው።

እኔን እንጨት ውስጥ የከተተችኝ ዳማ ናት። ዳማ ላማችን ናት፤ ለመውለድ ተቃርባለች። አሮጌው በረቷ በዝናብ ስለተደረመሰ በረንዳችን ላይ ታድራለች፤ ጭንቅላቷን ደግሞ በሳሎኑ መስኮት አስገብታ ከእኛ ጋር ቴሌቪዥን ታያለች። መጋረጃውን የበላች ዕለት ባለቤቴ ትዕግስት ቁርጡን ነገረችኝ።

"እስከ ቅዳሜ ማታ በረት ካልሠራህላት አንተም በረንዳ ላይ አብረሃት ታድራለህ። በሩን እቆልፈዋለሁ።"

ስትቆልፍ አውቃታለሁ። ቱላ ካለ መሰንጠቂያ ቤት የባሕር ዛፍ ቋሚና አግዳሚ አስመጣሁ። አናጢው ሳሙኤል በሩ ያለበትን የፊት ግድግዳ መሬት ላይ አጋድሞ ገጣጠመው። የፊቱ ጉድጓድ በእኛ ቤት በኩል፣ የኋላው በጎረቤታችን በጋሽ ዳንጊሶ አጥር በኩል ተቆፈረ። የቀረው ተሸክሞ መትከል ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጎረቤት ተሰበሰበና ግድግዳውን እንደተጋደመ ተሸከምነው። ግቢው መሐል ስንደርስ ጭቅጭቅ ተነሳ። ሳሙኤል "ወደ ግራ!" ይላል። ተከራያችን፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ "መጀመሪያ ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ ይጠና" ይላል። የባለቤቴ ወንድም በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ያዛል። ሁሉም አዛዥ ሆነ፤ እንጨቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት ጋሽ ዳንጊሶ ይሄን አይተው አዘኑ።

"ልጆቼ፣ ሳትጸልዩ ጀምራችሁ እንዴት ይሁንላችሁ? በሉ አይናችሁን ጨፍኑ።"

ማን እምቢ ይላል? እንደተሸከምን ጨፈንን። ጋሽ ዳንጊሶ ደግሞ ሲጸልዩ አይቸኩሉም። ለአገር ጸለዩ፤ ለሐይቁ ዓሣ ጸለዩ፤ በየመንገዱ ያለውን መንገደኛ ሁሉ በሰላም አስገቡ። መምህሩ እንዲያበቁ ብሎ መሐል ላይ "አሜን!" ቢል ማበረታቻ መሰላቸውና መዝሙር ጨመሩ። በመዝሙሩ ግራና ቀኝ ስንወዛወዝ ለካ እግራችንም ቀስ እያለ ይሄድ ኖሯል። ትከሻዬ ሊገነጠል ሲል፣

"እጃችሁን ወደ ጌታ አንሱ!" አሉ።

አነሳን። በግድግዳው አናት በኩል ያለነው እጃችንን ከነግድግዳው አነሳን፤ የግድግዳውን እግር የያዙት ደግሞ እጃቸውን ለማንሳት ሲሉ ለቀቁት። ዱብ! አይናችንን ስንገልጥ ግድግዳው ጉድጓዱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሃሌ ሉያ ያላለ የለም። አይናችንን ገልጠን ያልተስማማን ሰዎች ጨፍነን ተስማማን፤ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ብቻ ጉድጓዱ የኋላው ነበር። የበረታችን በር ወደ ጋሽ ዳንጊሶ ግቢ ዞሯል።

"ነቅለን እናዙረው" አልኩ።

"ጌታ ያቆመውን?" አሉ ጋሽ ዳንጊሶ ደንግጠው።

ሌሎቹም ትከሻቸውን እያሹ ከጌታ ጎን ቆሙ። ለኋላ የታሰበውን በር የሌለውን ግድግዳ በእኛ በኩል ተከልን፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ በበሩ ትይዩ አጥሩ ተከፈተ፤ ዳማም በእሳቸው ግቢ ዞራ ወደ ቤቷ ገባች። እኔም አልጋዬ ላይ አደርኩ።

ዳማ በሰላም ወልዳለች። በሩ በእሳቸው በኩል ስለሆነ ጋሽ ዳንጊሶ በየማለዳው ራሳቸው ያልቡና ወተታችንን በአጥር ላይ ያቀብሉናል። ጠብታ አያጎድሉም፤ ሐቀኛ ሰው ናቸው። ግን ሳይጸልዩበት አይሰጡም። አንዳንድ ቀን፣ አሜን እስኪሉ ድረስ፣ እርጎ ሆኖ ይደርሰናል።